አንድ ጋት የጎደለው ፈረስ

ሃውቶንጋ ወደ ዋይኮሮ የተመለሰ ቀን በከተማችን ሥራ ሠርቻለሁ የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው። የሱፍ ነጋዴው ሚዛኑን ጥሎ ወጣ። የጥርስ ሐኪሙ በሽተኛውን አፉን እንዳስከፈተ ትቶት ወጣ ይባላል፤ በሽተኛውን አውቀዋለሁ፣ እሱም አፉን ሳይዘጋ ተከትሎት ወጥቷል። የስኮትላንድ ቀሚሳቸውን የለበሱት የከረጢት ዋሽንት ነፊዎቻችን በጁላይ ውርጭ ጉልበታቸው እስኪጠቁር ቆመው ነፉ። እኔ ኤፊ ራትሬይ፣ የሰባ አራት ዓመት ሴትዮ፣ ሙዚየሙ በር ላይ ቆሜ እዘላለሁ። አንዱ ዳሌዬ ብረት መሆኑንም ረስቼው ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። ሃውቶንጋ ፈረስ ነው፤ ስሙ በማኦሪ የደቡብ ነፋስ ማለት ነው። ከሞተ ስልሳ ስምንት ዓመቱ። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ኒውዚላንድ፣ ዋይኮሮ ነው፤ ዋንጫ የበላው ባሕር ተሻግሮ አውስትራሊያ፣ ቁርጠት ይዞት የሞተውም እዚያው። ሲሞት ሜልበርን ያለው የካርዲጋን ሙዚየም ቆዳውን አስገፍፎ፣ አስሞልቶ፣ በመስታወት ቤት አቆመው። አጥንቱ ግን እኛ ጋ ነው። አውስትራሊያውያን «ፈረሳችን» ይሉታል። ምን ይደረግ፣ ፓቭሎቫ የሚባለውን ኬካችንንም «ኬካችን» ነው የሚሉት። ከብዙ ዓመት ደብዳቤ በኋላ ቆዳውን ለስድስት ሳምንት ሊያውሱን ተስማሙ፤ ኦገስት አንድ ቀን ቆዳና አጥንቱ ጎን ለጎን ሊቆሙ ነው። ቀኑም ዝም ብሎ አልተመረጠም። በኛ አገር የእሽቅድምድም ፈረስ ሁሉ መቼም ይወለድ መቼ፣ ልደቱ ኦገስት አንድ ነው።

አጥንቱን ያመጣው አባቴ ዱጋል ራትሬይ ነው። የሃውቶንጋ ባልደራስ ነበር፤ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ የመገበው፣ ያሸው፣ ሲታመም አብሮት ጋጣ የተኛው እሱ ነው። ቆዳው ከተወሰደ በኋላ ቀሪው ለማዳበሪያ ሊፈጭ ነበር። አባቴ ለምኖ አልቅሶ አጥንቱን ተረከበ፤ ቀቅሎ አጽድቶ በሱፍ ጆንያ ከተተና በመርከብ ይዞት ገባ። ከተማው ምስጋና ያቀረበለት ይመስላችኋል? «ዱጋል የፈረሱን አጥንት ለመጠጥ ሸጦ የበሬ አጥንት ለቃቅሞ መጣ» ተባለ። ወሬውን ማን እንደወለደው አላውቅም፤ ያሳደገው ግን የጊሌስፒ ቤት ነው። የኔው እኩያ ኮል ጊሌስፒ ትምህርት ቤት ውስጥ ባየኝ ቁጥር «እምቧ!» እያለ ይጮኽ ነበር። በሰባ አራት ዓመቱም አልተወውም፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «የራትሬይ በሬ ደህና አደረ?» ይለኛል።

አባቴ አንድ መልስ ብቻ ነበረው። «ሁለት ዓመት ሲሆነው ሌላ ፈረስ ረግጦት ጎድኑ ተሰብሯል። ከግራ ትከሻው ኋላ፣ የእርግብ እንቁላል የሚያህል እብጠት ሠርቶ ነው የገጠመው። ቆዳው ላይ እዚያው ነጭ ፀጉር በቅሎበታል። ቆዳው ሜልበርን አለ፣ ጎድኑ እዚህ አለ። ሄዳችሁ እዩ።» አጥንቱ ተገጣጥሞ ሙዚየም ሲቆም እሱ በሳንባ በሽታ ሆስፒታል ተኝቷል። አንድ ቀን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው አሳዩት። «ፈረሴን ምን አስጎነበሰው?» አለ። በዚያው ዓመት ሞተ።

እኔ ሙዚየሙ ውስጥ በነጻ አቧራ ጠራጊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የዚያን ፈረስ አጥንት በላባ ጠርጌያለሁ፤ በጠረግኩ ቁጥር ከግራ ትከሻው ኋላ ያለውን ጎድን ሁሉ በባትሪ እፈትሻለሁ። እብጠት የለም። ሁሉም ልስልስ ያለ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር፤ አባቴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ለሰው ፊት «ፈረሱ ነው!» እላለሁ፣ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ምናልባት በእርግጥ ጠጥቶ ይሆን እላለሁ። ከኮል እምቧታ ይልቅ ያቆሰለኝ ይኸው ነው።

እንግዲህ ያ መኪና ሲመጣ ለምን እንደዘለልኩ ይግባችሁ። ቆዳው መጣልኝ!

ከሳጥኑ ጋር አንዲት ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ወረደች። ስታቭሩላ ካንዲላስ ትባላለች፤ ግሪክ ናት፣ የሜልበርን ግሪክ፤ ሥራዋ የቆዩ ነገሮችን ማከምና መጠበቅ ነው። ሳጥኑ ከነፍሷ ጋር የታሰረ ይመስል ለደቂቃ አትለየውም። የሙዚየማችን ኃላፊ ራዊሪ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ በማኦሪ ወግ አክስቱን ይዞ መጥቶ ነበርና አክስቱ እንደ ሰው እንግዳ በዜማ ጠርታ ፈረሱን አስገባችው። ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ መፍቻ ይዤ ተጠጋሁ።

«ምን ሊያደርጉ ነው ወይዘሪት?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ልከፍትልሽ።»

«ነገ በዚህ ሰዓት ነው የሚከፈተው። ሳጥኑ የክፍሉን አየር እስኪለምድ አንድ ሙሉ ቀን መቆየት አለበት።»

«የኔ እመቤት፣ እኔ ስልሳ ስምንት ዓመት ጠብቄያለሁ!»

«እንግዲያማ ለምደውታል» አለችና ወንበር ስባ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አለች። ራዊሪ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደሜ ፈላ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

በማግሥቱ ሐሙስ ሳጥኑ ተከፈተ። ውጭ ያለው ሕዝብ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፏል። መጀመሪያ ስፖንጁ ወጣ፣ ከዚያ ነጩ ጨርቅ፣ ከዚያ ሃውቶንጋ። ዳማ ነው፤ ግንባሩ ቦራ። ደም ሥሮቹ ፊቱ ላይ ይታያሉ። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አንድ ሰው ስሙን የጠራው ይመስል ጆሮውን ወደፊት አቁሞ ቆሟል። ከግራ ትከሻው ኋላ መዳፍ የምታህል ነጭ ፀጉር አለች። በፎቶ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ በዓይኔ ሳያት ግን ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ውጭ ያሉት «ሆ!» ብለው ሲጮኹ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

ያ ሁሉ ደስታ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ስታቭሩላ፣ በኋላ ሩላ በሉኝ ያለችን፣ መለኪያ ዘንጓን አውጥታ ቁመቱን ከመሬት እስከ ጫንቃው ለካች። ፈረስ በጋት ነው የሚለካው። «አሥራ ሰባት» ብላ ጻፈች። ዞረችና የኛን አጥንት ለካች። ደግማ ለካች። ሦስተኛ ለካች። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«አሥራ ስድስት» አለች።

«ምን ማለት ነው?» አልኳት፣ ምን ማለት እንደሆነ እያወቅኩ።

«ወይዘሪት ራትሬይ፣ ቢቀየሙኝም ልናገር። አጥንት አያጥርም። ይህ ፈረስ ከዚያኛው አንድ ጋት ያንሳል።»

ራዊሪ በዝግታ «እና ጽሑፉስ?» አላት። ውሉ ላይ ከፈረሱ ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍ ሁለቱም ሙዚየሞች የተስማሙበት ይሁን ይላል።

«'የሃውቶንጋ አጥንት' በሚል ላይ መፈረም አልችልም። 'የሃውቶንጋ ነው ተብሎ የሚነገር' ብንልስ?»

ተብሎ የሚነገር! ስንት ዓመት መንገድ ላይ ሲነገር የኖረው ሳይበቃ አሁን በትልልቅ ፊደል፣ በመስታወት ተሸፍኖ፣ ማኅተም ተመትቶበት ሊነገር ነው። ያቺ ቃል ከተለጠፈች አባቴን ሁለተኛ ቀብራዋለች ማለት ነው።

«ቆዳውን የሞሉት ሰዎቻችሁ ናቸው የዋሹት!» ብዬ ጮኽኩ። «እናንተ ያልለጠጣችሁት ነገር ምን አለ? አሳ ብታጠምዱ ሻርክ ነው፣ ኮረብታ ቢኖራችሁ ተራራ ነው። ፈረሱንም ወጥራችሁ አስረዘማችሁት!»

«ሊሆን ይችላል» አለች ሩላ፣ ሳትቆጣ። ያ ነው የሚያናድደው፣ አትቆጣም። «በሕይወት እያለ የተለካበት ማስረጃ ካለዎት ያምጡልኝ። ነገ እስከ ማታ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም።»

ማስረጃማ አለኝ! አባቴ በየዓመቱ ኦገስት አንድ ቀን ሃውቶንጋን ጋጣው በር ላይ አቁሞ፣ ጫንቃው የደረሰበትን በካራው የበሩ መቃን ላይ ይቀርጽ ነበር። ጋጣው ሲፈርስ መቃኑን ለምኜ ወስጄ ድርቆሽ ቤቴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ለክቼው አላውቅም። አባቱን የሚያምን ሰው ምን ይለካል እያልኩ ነበር፤ አሁን ሳስበው ፈርቼ ነው።

አርብ ጠዋት መቃኑን በመኪናዬ ጭኜ፣ ቀይ ጨርቅ ጫፉ ላይ አስሬ፣ ዋናውን መንገድ በኩራት ሰንጥቄ ሄድኩ። ራዊሪና ሩላ ተሸክመው አስገቡት፤ አጥንቱ ጎን አቆምነው። አምስት ቅርጽ አለበት። ሩላ ዘንጓን ከታች አቁማ ወደ ላይ፣ ወደ መጨረሻው ቅርጽ ሄደች። ፊቷን ነው የማየው። ሴትዮዋ ልታሸንፈኝ አልፈለገችም፤ ዓይኗ ላይ ይታያል።

«አሥራ ሰባት» አለች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «በትክክል።»

ቆዳው አልዋሸም። የዋሸው አጥንቱ ነው። እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ መኪናዬ፣ አባቴ ላይ ምስክር ጭኜ መጣሁ።

እዚያው የጎብኚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ራዊሪ «አክስቴ ኤፊ፣ ሻይ ላምጣልዎት?» አለ፤ በነሱ ወግ ትልቅ ሴት ሁሉ አክስት ናት። በዚህ መሃል በሩ ተከፍቶ ማን ይገባል? ኮል ጊሌስፒ! የስጋ ፓይ በወረቀት ይዟል፣ ጢሙ ላይ ፍርፋሪ አለ። የማይዘጋ አፍ ያለውን ሰው እግዚአብሔር የሚልከው ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው።

«በሬው ደህና አደረ?»

«ኮል፣ ዛሬ አይደለም» አለው ራዊሪ።

«ለምን? ምን ሆናችኋል? ቀብር ቤት መሰላችሁ እኮ።» ወደ አጥንቱ ተጠግቶ፣ ዞሮ አየው፣ ወደ ቆዳው ዞሮ አየ፣ እንደገና ወደ አጥንቱ። ከዚያ ፓዩ እስኪያንቀው ሳቀ። «ኤፊ፣ በሬ ነው ስል የኖርኩት ውሸቴን ነው፤ ይቅርታ። ይሄ በሬ አይደለም። ዶሮ ነው!»

«ውጣልኝ!»

«ኧረ ነይ እዪ! አርባ ዓመት ቄራ ቢላ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ትከሻ አላውቅም? ይቺን ትከሻ እዪያት፣ ጀርባው ላይ ወጥታ ተኝታለች። የእሁድ ጥብስ ዶሮ ነው እኮ የመሰለው!»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ልመታው ነበር፤ ራዊሪም ልመታው መስሎት ክንዴን ያዘኝ። ግን ጣቱ የሚያመለክተውን አየሁ። ሠላሳ ዓመት በላባ የጠረግኩትን ሰፊ የትከሻ አጥንት እንደ አዲስ አየሁት። ወደ ላይ ወጥቷል፣ ወደ ኋላም ሄዷል፤ ጫፉ ከአከርካሪው እሾህ እኩል ሆኗል። ወደ ቆዳው ዞርኩ። የሃውቶንጋ ጫንቃ ከትከሻው በላይ እንደ ጎጆ ቁንጮ ከፍ ብሎ ወጥቷል።

«ኮል» አልኩት፣ «የበግ ትከሻ ከጎድኑ ጋር በምንድነው የሚያያዘው?»

«በምንም። አጥንት ከአጥንት አይነካካም። ቢላውን በዙሪያው አንዴ ብታዞሪው ውልቅ ነው የሚለው። ደረቱ በሥጋ ብቻ ነው በሁለቱ እግሮች መሃል የተንጠለጠለው። በሬም እንደዚያው፣ ፈረስም እንደዚያው።»

«ሥጋው ሲነሳስ? ደረቱ የት ጋ እንደሚሆን ማን ነው የሚያውቀው?»

«ያቆመው ሰውዬ ነዋ።»

«ማነው ያቆመው?» አለች ሩላ። ስትጠጋ አላየኋትም፤ አጠገቤ ቆማለች።

እኔና ራዊሪ ተያየን። ያቆመው ሚስተር ኦግልቪ ነው። ነፍሱን ይማረውና የተከበረ ሰው ነበር፤ በኛ ወገን ያሉትን የሞአ አጥንቶች ሁሉ ያቆመ እሱ ነው። ሞአ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ድሮ የጠፋ ወፍ ነው፤ አጥንቱ ሙዚየሞቻችን ውስጥ ሞልቷል። አገራችን እንደሆነ ፈረስ ቀርቶ አይጥ እንኳ ሰው በመርከብ ነው ያመጣልን፤ አጥንት አዋቂ ሲባል ወፍ አዋቂ ማለት ነበር። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ወፍ ሲያቆም ኖሮ፣ ፈረስ ሲሰጡት እንደ ወፍ አቆመው! ትከሻውን ጀርባው ላይ ለጠፈው፣ ደረቱም በእግሮቹ መሃል ዘቅጦ ወረደ። አባቴ ምን ነበር ያለው? ፈረሴን ምን አስጎነበሰው?

«አላጠረም» አልኩ። «ሰጥሞ ነው። ሩላ፣ ፈረሱ ሰጥሞ ነው!»

ሩላ ባትሪዋን አብርታ በትከሻው አጥንትና በጎድኑ መሃል ተመለከተች። «እዚህ ጄሶ ሞልቶበታል» አለች። «በወፍራም የሱፍ ጨርቅና በጄሶ። እንዲጣበቅለት።» ከዚያ ከሆዱ ሥር ገብታ የፊተኛውን ብረት ዘንግ በጣቷ መታችው። «ቧንቧ ውስጥ የገባ ቧንቧ ነው፤ በአንድ ቡሎን የተያዘ። መውጣትም መውረድም ይችላል።» ስትወጣ ፀጉሯ ሸረሪት ድር ሆኗል፤ ጉንጯ ግን ቀልቷል። ያቺ የማትቆጣ የማትስቅ ሴት እንደ ልጅ ሆነች። «ከፍ ካደረግነውና ጎድኖቹ ቀና ብለው ከተዘረጉ የተሳሳተው አጥንቱ ሳይሆን አቀማመጡ ነው ማለት ነው። እምቢ ካለ ግን እንደነበረ ይመለሳል፣ ጽሑፉም እኔ ባልኩት ይሄዳል። ይስማማሉ?»

«እስማማለሁ» አልኩ።

«ራዊሪ፣ አጥንቱ የእናንተ ነው። ትፈቅዳለህ?»

ራዊሪ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ አጥንቱን አየ፣ እኔን አየ። «ደረቱን የሚይዝልን ነገር ከየት እናመጣለን?» አለ። ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። «ቆይ! ማንገቻዬ!» በወጣትነቱ በግ ሸላች ነበር። ሸላቾች ቀኑን ሙሉ ሲያጎነብሱ ወገባቸው እንዳይቀነጠስ ደረታቸውን የሚያሳርፉበት፣ ከጣሪያ በሚለጠጥ የሞላ ሽቦ የሚንጠለጠል ሰፊ ማንገቻ አላቸው፤ የሱ አሁንም መኪናው ውስጥ ነው። ኮል ከጎረቤት ጋራዥ ፓራንኮ፣ ያን በሰንሰለት ሞተር የሚያነሱበትን፣ ሊያመጣ ሮጠ። አዎ፣ ኮል ሮጠ፤ ፓዩን ጎብኚ ወንበር ላይ ጥሎ። የመስኮቱ ሕዝብ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያጨበጭብለታል።

ፓራንኮውን ከጣሪያው ብረት ሰቀልነው፤ ማንገቻውን በፈረሱ ደረት ሥር አሳለፍነው። ሩላ በትንሽ ብሩሽና በሞቀ ውሃ ጄሶውን አራሰች፣ እንደ ጥርስ ሐኪም በትዕግሥት ፈልቅቃ አወጣችው። የትከሻውን አጥንቶች ፈታች፤ አንዱን ለራዊሪ፣ አንዱን ለኔ አሸከመችን። ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ነው። አባቴ ይህን አጥንት በዚያ ብርድ ቀቅሎ በእጁ ፈግፍጎ ሲያጸዳው አሰብኩና ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

«ኮል፣ ቀስ» አለች ሩላ። «በጣም ቀስ።»

ኮል ሰንሰለቱን ጎተተ። ጠቅ። ጠቅ። ቧንቧው ተንጫጫ። የሃውቶንጋ ደረት ከእግሮቹ መሃል መነሳት ጀመረ፤ የታጠፈው አንገት ቀና አለ፤ የአከርካሪው እሾሆች አንድ በአንድ ወጡ። ሙት ፈረስ ከተኛበት ሲነሳ አይቼ አላውቅም፤ እነሆ አየሁ! ውጭ አንድ ሰው «እየቆመ ነው! እየቆመ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«በቃ» አለች። ቡሎኑን አጠበቀች። የትከሻውን አጥንቶች ከኛ ተቀብላ ወደ ታችና ወደፊት፣ ኮል በጣቱ ባሳያት ቦታ አሰረቻቸው። «እዚያ ጋ፣ አዎ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እዚያ» ይላል ኮል፤ በሕይወቱ እንደዚያ ጨዋ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ሩላ ዘንጓን አነሳች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አሥራ ሰባት» አለች።

ራዊሪ እንደ ራግቢ ሜዳ ጮኾ አቀፈኝ። ሩላ ግን አልጮኸችም። ባትሪዋን ይዛ ከግራ ትከሻው ኋላ፣ እስካሁን ጄሶና የትከሻ አጥንት ሸፍኖት በነበረው ጎድን ላይ ጎንበስ ብላ ቆመች። በጣቷ ነካች። እንደገና ነካች።

«ወይዘሪት ኤፊ» አለች፣ «ይምጡ።»

ሄድኩ። እብጠቱ አለ። የእርግብ እንቁላል ያህላል። ተሰብሮ፣ ቆይቶ፣ ጠንክሮ የገጠመ ጎድን። ሠላሳ ዓመት ከትከሻው ኋላ ስፈልገው ትከሻው ራሱ ተኝቶበት ነበር!

ሩላ ከቦርሳዋ ነጭ ክር አወጣች። አንዱን ጫፍ ለኮል ሰጥታ «ቆዳውን ሳትነካ፣ በነጭዋ ፀጉር መሃል ትክክል ያዝ» አለችው። ሌላውን ጫፍ ወደ ጎድኑ እብጠት ዘረጋች። ውሃ ልኩን ክሩ ላይ ሰቀለች። አረፋዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና መሃል ላይ ቆመች። ክሩ ከቆዳው ወደ አጥንቱ፣ ከሜልበርን ወደ ዋይኮሮ፣ ፍጹም ልክ ሆኖ ተዘረጋ።

ኮል ክሩን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላ እጁ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኤፊ» አለኝ፣ «እኔ እኮ ስቀልድ ነበር።»

«ስልሳ ስምንት ዓመት?»

«አባቴ ነበር የሚለው፤ እኔም አልኩ። ልጅ ሆኜ ጀመርኩ፣ መተው ያቃተኝ እንደሆነ እንጂ…» አልጨረሰውም።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ስድብ ነበረኝ፣ ተሰልቶ የተቀመጠ። ነገር ግን አንገቱን ደፍቶ ያን ክር እንደ ሻማ ይዞ ሲቆም ሳየው አልወጣልኝም። ይልቅ የራሴ ነገር መጣብኝ። እሱ የጠረጠረው የሰው አባት ነው። እኔስ? «ዝም በል ኮል» አልኩት። «እኔም አላመንኩትም ነበር።» ይህን ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ፤ ሩላ ጓንት አጠለቀችልኝና «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብላ ጣቴን እብጠቱ ላይ አሳረፈችልኝ። አባዬ፣ ጎድኑ አለ፣ አልኩት። እብጠቱም አለ፤ ይቅር በለኝ።

ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ወደ ሩላ ዞርኩ። «በይ፣ ጽሑፍሽን አምጪ።»

ብዕሯን አውጥታ «ተብሎ የሚነገር» የሚለውን በሁለት መስመር ሰረዘችው። «ምን ይጨመርበት?»

«ዱጋል ራትሬይ እንዳመጣው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ቅዳሜ፣ ኦገስት አንድ፣ የሃውቶንጋ ልደት። ከሦስት አውራጃ የመጣው ሕዝብ እስከ ወንዙ ድልድይ ተሰልፏል። ዋሽንቱ ይነፋል፤ የሴቶች ማኅበሩ ስኮን የሚባለውን ብስኩትና ፓቭሎቫ ደርድሯል፤ ሩላም ሁለት ቁራሽ በልታ «ኬኩ የእናንተ ሊሆን ይችላል» ብላ በሰው ፊት ተናገረች። ቆዳውና አጥንቱ ጎን ለጎን፣ እኩል ለእኩል ቆመዋል። በመሃላቸው የጋጣው መቃን አለ። ነጩን ክር አላነሳነውም፤ ሩላ ራሷ ይቆይ አለች።

እኔ ላባዬን ይዤ ገመዱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ከጎረቤት ከተማ የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ አጥንቱን ካየ በኋላ ወደ ሚስቱ ዞረና «ይሄ በሬ ነው ይባላል እኮ» አላት።

አፌን ሳልከፍት ከኋላው አንድ ድምፅ አምባረቀ፤ ዋሽንቱ ሁሉ ዝም አለ።

«ማነው በሬ ያለው?» ኮል ጊሌስፒ ነው። የእሁድ ልብሱን ለብሷል፣ ጢሙን ተስተካክሏል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። «ማነው? ማንበብ አትችልም? እዚህ የተጻፈውን አንብብ! ጮክ ብለህ አንብብ!»

ሰውዬውም ደንግጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ፊት የአባቴን ስም ጮክ ብሎ አነበበ።